ነጭ ግድግዳ ለዶክተሩ

በሃምሳዎቹ፣ ከከተማው ግንብ በሮች በአንዱ፣ በሸዋ በር አካባቢ፣ ወይዘሮ ለተማርያም በሁለት ነገር ይታወቁ ነበር፦ በነጭ ግድግዳቸውና በምላሳቸው። ግድግዳው የሚነጣው ድንጋይ ሻጩ ዓሊዪ ከሶፊ ገጠር በአህያ በሚያመጣው፣ ሲሰበር እንደ ጥጥ ክር በሚያወጣ ድንጋይ ነው። ባለቤታቸው አቶ አባይነህ ይወቅጡታል፣ በወንፊት ይነፉታል፤ ወይዘሮዋ በውሃ በጥብጠው ይቀቡታል። ሠፈሩም ለበዓል፣ ለሠርግ፣ ለእንግዳ ዱቄቱን ከእነሱ ይወስዳል። ኖራ የቀባ ሰው ካለ ወይዘሮዋ "ምነው፣ አመድ ነሰነሳችሁበት እንዴ?" ብለውት ያልፋሉ።

አቶ አባይነህ ማሳል ከጀመሩ ቆይተዋል። "አረቄው ነው!" ይላሉ ሚስት። ሰውየው አረቄ ከተዉ ሁለት ፋሲካ አልፏል፤ ቢሆንም አረቄው ነው።

አንድ ቀን አዲስ የመጣ ዶክተር፣ የዚያ ድንጋይ ብናኝ ሳንባ ገብቶ እንደማይወጣ፣ እሑድ መጥቶም ለሠፈሩ እንደሚያስረዳ አስነገረ። የወይዘሮ ለተማርያም ሳቅ ገንፍሎ እስከ ግንቡ በር ድረስ ተሰማ።

"ድንጋይ ሰው የሚገድለው ሲወረወር ነው! ይሄ ልጅ የት ነው የተማረው?"

ሠፈሩን ግን ሌላ ጭንቀት ያዘው። ዶክተር ሊመጣ ነው! ዶክተርን በጠቆረ ግድግዳ መቀበል ደግሞ ነውር ነው። "ወላሂ፣ እንዲህ ሆነን እንዳያየን!" አለች ጎረቤታቸው ሳፊያ፣ ባልዲዋን አንጠልጥላ። ሁሉም ዱቄት ሊወስድ መጣ። አቶ አባይነህ እስከ ቅዳሜ ማታ ሲወቅጡ ሰነበቱ፤ ቅንድባቸው ሳይቀር ነጣ።

እሑድ ዶክተሩ ሲደርስ ሠፈሩ ከዳር እስከ ዳር ያብለጨልጫል። አንዱን ግድግዳ ተደግፎ ኖሮ የኮቱ ጀርባ የዱቄት ነጋዴ አስመስሎታል። ብናኙን ከኮቱ እያራገፈ ጠየቀ።

"ይህን የሚወቅጠው ማነው?"

አቶ አባይነህ ኮራ ብለው ብድግ አሉ። "እኔ ነኝ" ሊሉ ሳል ቀደማቸው። አልለቅም አለ። ጎንበስ ብለው፣ ነጩን ግድግዳ ተደግፈው፣ ትንፋሽ አጡ። ወይዘሮ ለተማርያም "አረቄው ነው" ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ ቃሉ እምቢ አላቸው። ፈሩ። በዕድሜያቸው እንዲያ ፈርተው አያውቁም።

ከዚያ ወዲያ ዓሊዪን ከነአህያው መለሱት። ሠፈሩም እያጉረመረመ ወደ ኖራው ዞረ። ወይዘሮ ለተማርያም ግን ለኖራ እጄን አልሰጥም ስላሉ ግድግዳቸው ጠቆረ። የእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ ጎረቤት ስለ ግድግዳቸው ማንሾካሾኩን የሰሙት አቶ አባይነህ ጓሮ የቀረችውን ድንጋይ ይዘው ዘነዘናውን አነሱ።

"ለስምሽ ብዬ ነው፤ አንዲት ቁና ብቻ።"

ወይዘሮ ለተማርያም መጥተው ሙቀጫው ላይ ቂብ አሉበት።

"ተነሺ እንጂ!"

"አልነሳም! ስሜን ጅብ ይብላው! ግድግዳው ይጥቆር፣ ሠፈሩ ይሳቅብኝ፤ አንተ ብቻ ተንፍስልኝ፣ አንተ ሰውዬ!"

አቶ አባይነህ ሊስቁ ሞከሩ፤ ሳሉ ያዛቸው። ወይዘሮ ለተማርያም ከሙቀጫው ሳይወርዱ ጀርባቸውን ያሹላቸው ጀመር።