«እኩል ነበራችሁ» ያልኩበት ቀን

ይህን ነገር ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለነፍስ አባቴ ስንቱን ጥቃቅን ኃጢአት ስዘረዝር ኖሬአለሁ፤ ቁጣዬን፣ ጠላ ማብዛቴን፣ ጾም መግደፌን። ይህኛው ግን ምላሴ ጫፍ ላይ ይደርስና ይመለሳል። እርስዎ አንባቢዬ አያውቁኝም፤ ለማያውቁት ሰው መናገር ይቀል እንደሆነ ልሞክረው።

መካነ ሰላም ላይ የስፖርት መምህር ነበርኩ፤ ሯጮችም አሰለጥን ነበር። ከሯጮቼ አንዷ የገዛ ልጄ ሰናይት ናት። ጎህ ሲቀድ የተኛውን ሳንቀሰቅስ ወጥተን አብረን እንሮጣለን፤ ስንመለስ እናቷ ሻይ አፍልታ ትጠብቀናለች። ሌላው አባት ከልጁ ጋር መቼ እንደሚጫወት አላውቅም፤ እኛ ግን ወጋችንን የምናወጋው እያለከለክን ነበር።

ሁለተኛዋ ሐያት ናት፤ የሰናይት ባልንጀራ፣ የጎረቤታችን ልጅ። እውነቱን ልናገርና፣ ሐያት ትበልጣት ነበር። ወደ ባሕር ዛፉ የሚወስደው ዳገት ላይ የሰናይት ትንፋሽ ሲቆራረጥ፣ ሐያት ገና ወሬ ማውራት ያምራታል።

ደሴ ላይ ውድድር ተጠራ፤ ከእኛ ዘንድ በሴቶች የሚሄደው አንድ ሰው ብቻ ነው። ማጣሪያው ረመዳን መጨረሻ ላይ ዋለ። ሐያት አንገቷን ደፋ አድርጋ መጣችና፣ «ጋሼ፣ ማጣሪያውን ጠዋት ያርጉልን። ሌሊት ሱሁሬን በልቼ ብሮጥ ወላሂ አያቅተኝም» አለችኝ።

«አብሽሪ፣ ጠዋት ነው» አልኳት። ቃሌን ሰጠኋት ማለት ነው።

ከዚያስ? ከዚያ ወዲህ ያለውን ነው እስከ ዛሬ መርምሬ ያልደረስኩበት። ሐሳቡ ከየት መጣ? በየትኛው በር ገባ? አንድ ቀን ሰናይት ደጃፍ ተቀምጣ የተቀደደ ጫማዋን ስትሰፋ አየኋት፤ አንጀቴን በላችው። እስከዚህ ድረስ ያለው ኃጢአት አይመስለኝም፤ አባት ነኝ። በማግስቱ ግን ማስታወቂያ ሰሌዳው ፊት ቆሜ ማጣሪያውን ወደ ዘጠኝ ሰዓት ሳዞረው ራሴን አገኘሁት። «ጠዋት ጉምና ጤዛ ነው፤ ያንሸራትታል» አልኩ። ወሩ መስከረም ነው። በእኛ አገር የመስከረም ዝናብ የሚወርደው ከሰዓት በኋላ መሆኑን ማን ያጣዋል? ደግሞስ ዓመት ሙሉ በዚያው ጤዛ ላይ ያስሮጥኳቸው እኔው አይደለሁም? ማንም አልጠየቀኝም። ሰው ያመነውን አይጠይቅም።

የማጣሪያው ዕለት እስከ ዳገቱ እኩል ሄዱ። ዳገቱ ላይ ሐያት እግሯ አልታዘዝ አላት፤ ሰናይት ቀድማ ገባች። ሮጬ አቀፍኳትና የበጠበጥኩላትን በሶ አቀበልኳት። በእጇ መለሰችው።

«መግሪብ ይድረስ፣ አባዬ።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ከሐያት ጋር ጾሜ ነዋ የዋልኩት! እሷ ሆዷ ባዶ፣ እኔ ጠግቤ ብሮጥ ምኑን ሩጫ ሆነው?» ከዚያ ላቧን እየጠረገች ቀና ብላ አየችኝ። «እኩል ነበርን፣ አይደል?»

እኔ አሰልጣኝ ነኝ። የአንድ ቀን ጾም ያስርባል እንጂ ጉልበት አይጨርስም። ወሩን ሙሉ የጾመች ልጅ ግን ከሰዓት በኋላ ዳገት ላይ ምን እንደሚሆናት አሳምሬ አውቃለሁ፤ ሰዓቱንም ያዞርኩት ስለማውቅ ነው። በዚያ ሜዳ ላይ ይህን ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

«አዎ ልጄ፣ እኩል ነበራችሁ» አልኳት።

የቱ ይከብዳል? ሰዓቱን ማዞሬ ወይስ ይህች «አዎ»? ሰዓቱን ያዞርኩት ሐያትን ለመጣል ነው። «አዎ» ያልኩት ግን ማንን ላድን ነው? ልጄን ነው እንዳልል፣ ያዳንኩት ራሴን ነው።

የባሰው ደግሞ ሐያት እኔን ልታጽናና መጣች። ፊቴ ጠቁሮ ብታይ ለእሷ ያዘንኩ መሰላት። «አብሽሩ ጋሼ፣ ነሲብ ነው፤ አላህ ያላለው አይሆንም» አለችኝ። ፀሐይ ስትገባም እቤታቸው ጠርተውን አብረን አፈጠርን። ቴምር አቀረቡልኝ፣ በላሁ፤ ጣፈጠኝ። እንዴት ሊጣፍጠኝ ቻለ እያልኩ እስከ ዛሬ እገረማለሁ።

ሰናይት ደሴ ሄዳ ከኋላ ገባች። ሐያት ሩጫውን ተወችና ዓመት ሳይሞላት ዐረብ አገር ሄደች። በእኔ ምክንያት ይሆን? ሮጠው የማያውቁ ስንት ልጆችም ሄደዋል። በእኔ ነው ብል ራሴን ማግዘፍ፣ አይደለም ብል ራሴን ማሸሽ ይሆንብኛል።

ሰናይት ዛሬ ደጎሎ ላይ መምህር ናት፤ ወልዳ ከብዳለች። በዓል በመጣ ቁጥር አንድ ትሪ ከበን ስንበላ ለልጆቿ ያን ታሪክ ታወራላቸዋለች። «እኔና ሐያት እኩል ጾመን፣ እኩል ሮጠን፤ በሐቅ ነው ያሸነፍኳት። አያታችሁን ጠይቁ፣ ዳኛው እሱ ነበር!» ሁሉም ወደ እኔ ይዞራሉ፤ እኔም ራሴን በአዎንታ እነቀንቃለሁ። የቤታችን ኩራት ያ ታሪክ ነው። ስንቱን ተማሪ «በተንኮል ከማሸነፍ በሐቅ መሸነፍ» እያልኩ አስተምሬ፣ ለገዛ ልጄ ያቆየሁላት ይህን ነው።

ታዲያ ዛሬ ምን አናገረኝ? ሐያት ተመልሳ መጥታለች። ባለፈው ሳምንት ልጇን እጇን ይዛ ደጄ ቆመች። ልጅቱ ቁርጥ እሷን ናት፤ አረማመዷ ሳይቀር።

«ጋሼ፣ ጡረታ መውጣትዎን ሰምቻለሁ። ግን ሩጫ እንዲያሰለጥናት ለሌላ ሰው አላምናትም» አለችኝ። ልትሄድ ስትል ዞር ብላ፣ «ረመዳን ሲገባ ታዲያ ጠዋት ጠዋት ያርጉላት» አለችና ሳቀች።

ያ ሳቅ ምን ነበር? ታውቅ ኖሯል? ካወቀችስ ልጇን ለእኔ ማምጣቷ ምን ማለት ነው? ይህን ሳላውቅ መሞት አልፈልግም። ግን ሳልናዘዝ እንዴት አድርጌ ልጠይቃት?

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የእኔ እስኪጠራ ፀጉሬ ነጣ። እሑድ ሰናይት ትመጣለች፤ ሐያትንም ጠርቻታለሁ። ልጄ የምትኮራበትን ልነጥቃት ነው፤ ፈርቻለሁ። ሁለቱንም አፉ በሉኝ እላቸዋለሁ፤ ማለትና አለማለት የእነሱ ነው። አስቀድሜ ግን ያን ቀን ሜዳው ላይ ለተጠየቅኩት መልስ እሰጣለሁ። ድምፄ እንዳይከዳኝ ይኸው በእርስዎ ፊት እየተለማመድኩ ነው።

«እኩል አልነበራችሁም፣ ልጄ። አንቺ በሐቅ ሮጠሻል፤ የዋሸሁሽ እኔ ነኝ።»