ልደቱና ዳማዋ በቅሎ

በሰሜን ተራሮች፣ ከሳንቃ በር ግርጌ ባለችው መንደር ልደቱን «ቅዱስ ሰው» እያሉ የሚጠሩት ብዙ ናቸው። እንዲህ የሚሉት ግን ሚስቱን በለጠችን አልጠየቋትም።

የልደቱ ሀብት አንዲት ዳማ በቅሎ ናት። ተራው ሲደርስ የቱሪስት ዕቃ ጭኖባት ተራራ ይወጣል፤ ቤቱም የሚተዳደረው በዚያው ነው። ምጥ የጠናባት ሴት ወይም ትኩሳት የጣለው ሽማግሌ ካለ ግን ተራውን ለሌላ ይለቅና በሽተኛውን አፈናጥጦ ደባርቅ ሆስፒታል ያደርሳል። አምቡላንስ እስከ መንደሩ አይገባም። ያለው እንቁላል ይሰጠዋል፣ የሌለው ይመርቀዋል፤ ልደቱም ሲመረቅ ፊቱ እንደ ልጅ ይፈካል። በለጠች «በምርቃት ወጥ አይሠራ!» እያለች ትነዘንዘዋለች። ስንቁን የምትቋጥርለት ግን እሷው ናት።

ባለፈው ኅዳር ልጃቸው ፍቅርአዲስ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ እንደ ወጉ እናቷ ቤት መጣች።

«ልጅቷ እስክትገላገል በቅሎዋ ከደጅ እንዳትጠፋ። ሰምተሃል?» አለች በለጠች።

«ሰምቻለሁ። እሷን ትቼ የት እሄዳለሁ?»

በሁለተኛው ሳምንት፣ ወንዱ ሁሉ አጨዳ ወጥቶ ሳለ፣ ከታችኛው መንደር አንድ የቀን ሠራተኛ እያለከለከ መጣ። ሚስቱ ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነበር። ልደቱ ዞሮ ልጁን አያት። ፍቅርአዲስ ደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች።

«ሂድ አባዬ፣ እኔ ገና ነኝ» አለችው እየሳቀች።

በለጠች ውሃ ልትቀዳ ወርዳለች። ልደቱ እስክትመለስ አልጠበቀም፤ ቢጠብቅ እንደምትከለክለው ያውቃል።

እኩለ ቀን ላይ ፍቅርአዲስን ምጥ ያዛት፤ ወዲያውም ደም ይፈሳት ጀመር። በለጠች ኡኡ ብላ ሰው ጠራች። አጫጆቹ ማጭዳቸውን ጥለው ሮጡ፤ ቃሬዛ እስኪያሰናዱ ግን ጊዜው ሄደ። ልደቱ የሰውየውን ሚስት ሆስፒታል አስገብቶ፣ ወንድ ልጅ በሰላም መገላገሏን ሰምቶ፣ ደስ ብሎት ሲመለስ መንገድ ላይ ከቃሬዛው ጋር ተገናኘ። ተሸካሚዎቹ አውርደውት ዙሪያውን ቆመዋል። ፍቅርአዲስ ሳትገላገል ፊቷ በነጠላ ተሸፍኗል።

«አሁን መጣህ?» አለችው በለጠች። ከዚያ ወዲያ አላናገረችውም።

ልደቱ በቅሎዋን ባያት ቁጥር ፊቱን ያዞራል። ወር ካለፈ በኋላ፣ በሚመጣው ቅዳሜ ዳባት ገበያ አውርዶ ሊሸጣት ቆረጠ። በዋዜማው ዓርብ ጠዋት፣ ልጅቱ በሞተች በሠላሳ ሰባተኛው ቀን፣ በየገበያው እየዞረ ጨርቅ የሚሸጠው፣ ጠይብ የሚባለው ነጋዴ ደጃፉ ላይ ቆመ።

«አያ ልደቱ፣ ስለ አላህ ብለው ይድረሱልኝ፤ ባለቤቴ ምጥ ጠንቶባታል።»

ልደቱ ከመደቡ አልተነሳም።

«እኔ ከእንግዲህ በቅሎ የለኝም» አለ። በቅሎዋ ደጅ ታስራ ትታያለች።

ጠይብ አንገቱን ደፍቶ ሊሄድ ሲል በለጠች ጥቁሯን እንደለበሰች ከጓዳ ወጣች። ኮርቻውን ከግድግዳው አወረደች፤ በቅሎዋን ጫነች፤ ልጓሟንም ይዛ መጥታ ባሏ እጅ ላይ አኖረችው። ፊቱን አላየችውም።

«ተነስ» አለችው። «የሰው ልጅም መንገድ ላይ ትቅር?»

ልደቱ እንባው እየወረደ ከጠይብ ጋር ወጣ። በለጠች ልጇ ምስር ትለቅምበት የነበረው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ እስኪርቁ አየቻቸው። በዚያ ቀን ስንቅ አልቋጠረችለትም።