ያልነከርኩት ወረቀት

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ሌላውን ኃጢአቴን ዘርዝሬ እዚህ ስደርስ አፌ ይያዛል። አንተ የምታነበው ሰው አታውቀኝም፤ ምናልባት ለአንተ መናገሩ የቀለለኝ ለዚህ ይሆናል።

አዋላጅ ነርስ ነኝ። ያኔ መንዝ ውስጥ፣ ከመሐል ሜዳ ራቅ ባለ ጤና ጣቢያ እሠራ ነበር። ነፍሰ ጡሮች ከሩቅ ቀበሌ በእግራቸው መጥተው፣ ሽንታቸውን ለላቦራቶሪ ሰጥተው፣ ውጤት ሲጠብቁ ይውላሉ። አንዳንዷ ይመሽብኛል ብላ ውጤቷን ሳትሰማ ትሄዳለች። ምርመራውን እዚያው አልጋው አጠገብ እንሥራው ብዬ የለመንኩት እኔ ነኝ። ቀጭን ወረቀት ነው፤ ሽንቱ ውስጥ ይነከራል፣ ጥቂት ይጠበቃል። ቀለሙ ከተለወጠ፣ በተለይ የደም ግፊቷም ከፍ ካለ፣ እናትየዋ ሰውነቷ ሊንቀጠቀጥ፣ እሷም ልጇም ሊሞቱ ይችላሉ ማለት ነው። ተፈቀደልኝ። ሰልፉ ሳይረፍድ ያልቅ ጀመር። ተመሰገንኩ፤ ምስጋናውንም ወደድኩት።

አስካለ የመጣችው በዐቢይ ጾም፣ በገበያ ቀን ነው። የመጀመሪያ ልጇን ለመውለድ ሁለት ወር ያህል ቀርቷታል። የዚያን ቀን ከወረዳ ሥራችንን ሊያዩ ይመጣሉ ተብሎ ነበርና በክፍሌ በር ላይ ሰው ተኮልኩሎ እንዲያገኙ አልፈለግኩም።

«ሲስተር፣ ራሴን ይፈልጠኛል» አለችኝ። «ዓይኔም ብዥ ይልብኛል።»

«ጾሙ ነው» አልኳት።

የደም ግፊቷ ከፍ ብሎ ነበር። ዳገት ወጥታ ነው ብዬ አለፍኩት። ሽንቷን በዕቃ አምጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣለች። ወረቀቱ እጄ አጠገብ ነበር። አልነከርኩትም። ካርዷ ላይ «ኔጋቲቭ» ብዬ ጻፍኩና ሽንቱን ደፋሁት። ስንት ደቂቃ ይወስድብኝ ነበር? አላውቅም ነበር ልበል? ሌሎቹን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። እያወቅኩ አልነከርኩትም።

በሦስተኛው ቀን ባሏና ጎረቤቶቿ በቃሬዛ ተሸክመው አመጧት። መላ ሰውነቷ ይንቀጠቀጣል፤ ምላሷን ነክሳ አፏ ደም በደም ሆኗል። መርፌ ወጋናትና በአምቡላንስ ወደ ደብረ ብርሃን ላክናት። እሷ ተረፈች። ልጁ ሞቶ ተወለደ።

የጤና ጣቢያው ኃላፊ ካርዷን ይዞ ጠራኝ።

«እዚህ ላይ ኔጋቲቭ ይላል። እንዴት ሊሆን ቻለ?»

«ወረቀቱ ተበላሽቶ ይሆናል» አልኩት።

አመነኝ። ወረቀቶቹን ሰበሰበ፤ ምርመራው ወደ ላቦራቶሪ ተመለሰ። ሴቶቹ እንደ ድሮው ግድግዳው ሥር ተቀምጠው ይጠብቁ ጀመር። አንዷ ወገቧን ይዛ ውጤቷን ሳትሰማ ስትሄድ በመስኮት አየኋት፤ ወደ ካርዶቼ ተመለስኩ። እኔ ዋሸሁ እንጂ ወረቀቱ መቼ ዋሸ? ለእነሱ የሚበጀውን ራሴ አምጥቼ፣ ራሴን ላድን ብዬ ነጠቅኳቸው።

ከፋሲካ በኋላ አስካለ መጣች። ከስታለች። በጨርቅ የቋጠረችውን በሶ በሁለት እጇ አቀበለችኝ።

«አንቺ ባትደርሽልኝ ሞቼ ነበር» አለችኝ። «የልጁ ግን የእግዜር ፈቃድ ነው። ምን ይደረጋል?»

«አዎ» አልኳት። «የእሱ ፈቃድ ነው።»

እንዲህ አልኳት። በሶውንም ተቀበልኩ።

አሁን የምሠራው ሌላ ወረዳ ነው። ደክሞኝ ነበር፣ ሥራ በዝቶብኝ ነበር እያልኩ ራሴን ላጽናና ሞክሬያለሁ። አልደከመኝም ነበር። መመስገን ፈልጌ ነው። የአስካለን ቤት አውቀዋለሁ፤ ብነሣ በአንድ ቀን እደርሳለሁ። እስከ ዛሬ አልተነሣሁም። አንተንም ማረኝ አልልህም፤ የምትምረኝ እሷ ናት፣ እሷ ደግሞ ምን እንደምትምር አታውቅም። ልጇን የወሰደባት እግዜር አይደለም። እኔ ነኝ።