ጥርት ያለ ድምፅ

ሳዑዲ፣ ሳምጣ ከተማ ውስጥ በተደገሰው የወሎዬዎች ሠርግ ወንዶችና ሴቶች ለየብቻ ስለተቀመጡ፣ ዘፈኑ ከወንዶቹ አዳራሽ ወደ ሴቶቹ የሚደርሰው በሽቦ አልባ ማስተላለፊያ ነበር። እዚያ ሲደርስ ግን እየተንኮሻኮሸ አስቸገረ። ደጋሹ ሙሀዲን ድምፁን እንዲያስተካክል ከሚሠራበት እርሻ ያስመጣው ሰው ስሙን እንኳ አልተናገረም። ሽርጡን ሰብሰብ አድርጎ የድምፅ መቆጣጠሪያው ሚክሰር አጠገብ ቁጢጥ አለ፤ የግራ እጁ ሁለት ጣቶች አይታጠፉም።

«አብሽር፣ ማስተላለፊያው ከዚህ የሚሄደው ድምፅ በዝቶበት ነው። እዚህ እንቀንስ፣ እዚያ ስፒከሩ ላይ ጨምሩ» አለ። እንዳለው ሲደረግ የሴቶቹ እልልታ ቀለጠ።

ቀጥሎ አንድ ወፍራም ዘፋኝ ማይኩን ጨበጠ። ሚክሰሩ ላይ ያለው ሰውዬ ፊቱ ጠቆረ፤ ሙሀዲን ዓይኑ እያየ፣ ራሱ የቀነሰውን ድምፅ መልሶ እስከ ጥግ ለቀቀው። ወዲያው ከሴቶቹ ዘንድ ስልክ ተደወለ፦ «ይሄ ሰውዬ ይዘፍናል ወይስ ቆርቆሮ ይቀጠቅጣል?»

«አኺ፣ አሁን አስተካክለኸው አልነበር?» አለ ሙሀዲን ደንግጦ።

ሰውዬው እጁን ከቁልፉ ላይ አላነሳም።

«ይሄ ዘፋኝ የተደበቅንበትን ቤት ለሹርጣ ፖሊሶች ሲጠቁም፣ ጥርት ያለ ድምፅ ነበረው።»

ሙሀዲን ዘፋኙን ቀና ብሎ አየው። ስልኩ እንደገና ሲጮኽ አላነሳውም።