ሁለት ጊዜ የተጫረው ማያያዣ

በሆስፒታሉ ጥገና ክፍል ሰውዬውን በስሙ የሚጠራው የለም፤ ብረት ነክሶ እንደሚይዘው መሣሪያ የያዘውን ስለማይለቅ «ሞርሳው» ነው የሚሉት። ዳሌው የተሰበረ ሰው ሲመጣ ሐኪሞቹ አጥንቱ ላይ ዘንግ ይተክሉና ዘንጎቹን ከሆዱ በላይ በብረት ያያይዟቸዋል፤ አጥንቱ እስኪገጥም ብረቱ ንቅንቅ ማለት የለበትም። ማያያዣዎቹ ከአንዱ ሕመምተኛ ሲወልቁ ታጥበው ወደ ሞርሳው ይመጣሉ። እሱም አንድ በአንድ አስሮ፣ ብሎኑን አጥብቆ፣ ዘንጉን ባለ በሌለ ኃይሉ ይጠመዝዛል። ዘንጉ የተንሸራተተበትን ማያያዣ ጎኑን በሞረድ ሁለት ጊዜ ጭሮ እንዲወገድ ለዕቃ ክፍሉ ኃላፊ ይሰጣል። ኃላፊው ደግሞ የሃያ ዓመት ጓደኛው ነው፤ እጅና ጓንት ናቸው።

ታናሽ እህቱን መኪና ገጭቷት ዳሌዋ ሲሰበር አልደነገጠም ብል ዋሸሁ። ብረቱ ሲገባላት ግን ልቡ መለስ አለ። «በገዛ እጄ የፈተሽኩት ነው፤ አይዞሽ» አላት። እሷም አምናው ተኛች።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነርሷ አንሶላ ልትቀይር ቀና ስታደርጋት ብረቱ ቀጭ አለና እህቱ ጮኸች። ሐኪሙ አጥንቱ ከቦታው መሄዱን፣ እንደገና ቀዶ ጥገና መግባቷ እንደማይቀር፣ እንደ ድሮዋ መራመዷን ግን እንጃ ብሎ ነገራቸው። ሞርሳው ጎንበስ ብሎ የላላውን ማያያዣ ሲያይ ክው አለ። ሁለት ጭረት። የራሱ ሞረድ፣ የራሱ እጅ!

ዕቃ ክፍል እንዴት እንደደረሰ አያውቀውም። ጓደኛው ለመካድ እንኳ አልሞከረም። አዲስ ዕቃ ከተጠየቀ ስንት ወሩ፣ መደርደሪያው ባዶ ሲሆን የሚሰደበው እሱ፣ ከተጫሩት ውስጥ ደህና ደህናውን ወደ ሥራ መመለስ ከጀመረ ዓመት አለፈው፣ እስከ ዛሬም ማንም አልተጎዳም አለ። ከዚህ ሁሉ ሞርሳው የሰማው ዓመቱን ብቻ ነው። አይ ሰው! ዓመት ሙሉ በአንድ ሳህን እየበሉ።

«እህቴ መሆኗን አላወቅህም?» አለው።

«እንዴት አላውቅም? ሌላ አልነበረማ። ደግሞ ዝም ብዬ አልተውኳትም፤ በየጠዋቱ አልጋዋ ድረስ እየሄድኩ ብረቱን አየው አልነበር? እስከ ትናንት ንቅንቅ አላለም እኮ።»

እውነቱን ነው፤ አንድም ቀን አልቀረም። ሞርሳው እህቱን ሊጠይቅ የሚመጣ እየመሰለው፣ ብድግ ብሎ የራሱን ወንበር ይለቅለት ነበር።