የጳውሎስ ኦርጋን

አንዴ ዋሽቼ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። በደርግ ጊዜ ነው፣ አርባ ምንጭ። እኔ ጊታር፣ አንዱ ድራም፣ ጳውሎስ ደግሞ ከተዘጋ ቤተ ክርስቲያን የተወሰደ፣ በእግር እየተረገጠ የሚነፋ ኦርጋን ይዘን ካሴት ልናወጣ ተነሳን። ሳንቀዳ ጳውሎስን ወሰዱት፤ በሳምንቱ መገደሉን ሰማን። ሌላ ሰው ተክተን ቀዳን፤ ሽፋኑ ላይ ግን የእሱን ስም ተውነው።

እናቱ ከኦቾሎ ወርደው ሲቀላ ሰፈር ካለው ሙዚቃ ቤት አገኙኝ። ማን ደፍሮ ይነግራቸዋል!

«ለሥራ ተልኮ ነው እማማ። ይኸው፣ የሚጫወተው እሱ ነው» ብዬ ካሴቱን ከፈትኩላቸው።

ጆሯቸውን ቴፑ ላይ ደቅነው እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ዜማውን መስሎኝ ነበር። ለካ የፔዳሉን ሲጢጥታ ኖሯል። ሲያልቅ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱ።

«የኔ ልጅ እኮ ያነክሳል» አሉኝ። «ይሄኛው አያነክስም።»