የባሌ እህት ጭፈራ ተማሪ ስትለኝ

ልብስ ሰፊ ነኝ። ሰው ሜትር ሲዞርበት ትንፋሹን ውጦ ሆዱን ያስገባል፤ ልብሱ ተሰፍቶ ሲጠበው ደግሞ አጠበብሽብኝ ብሎ ይጣላኛል። በገዛ ወገቡ የሚዋሽ ሰው በሌላው ነገር እውነት ይናገራል ብዬ አላምንም። ባሌ "አንቺ እኮ ጸበል ሲረጩሽም ውሃው ከየት ተቀዳ ትያለሽ" ይለኛል። ቢጠየቅስ ምን ነውር አለው?

እንግዲህ የባሌ ታላቅ እህት አንድ ከሰዓት ቆቦ ገበያ ዳር ወዳለው ሱቄ ገብታ፣ ወንበር ስባ ተቀምጣ፣ ጭፈራ ተማሪ ስትለኝ ምን እንዳሰብኩ መገመት አያስቸግርም። ልጄ ለዋጃ ልጅ ታጭታ ሰርጉ ለጥር ተቆርጦ ነበር። የመልሱ ዕለት የልጁ እናትና እኔ ክብ ውስጥ ፊት ለፊት መግጠማችን እንደማይቀር፣ ሴትዮዋ በጭፈራ ስሟ የታወቀ እንደሆነ፣ እኔ እንደ ልማዴ ወጥ ቤት ብደበቅ የምትጎዳው ልጄ መሆኗን ዘረዘረችልኝ። የወጣቶች ማዕከል አዳራሽ ውስጥ የምታስተምር ልጅ አለች፣ ተነጋግሬልሻለሁ አለችኝ። ተነጋግሬልሻለሁ የሚለው ቃል ጆሮዬ ላይ ቀረ።

ያለችው ሁሉ እውነት ነበር። በኛ ቆላ ሰርግ ላይ የቅርብ ዘመድ ሆኖ የማይጨፍር ሰው ጋብቻው ቅር ብሎታል ይባላል። ሮቢት ውስጥ አንድ አጎት ጥርሱን አሞት ጉንጩን ይዞ ሲቀመጥ የወንድ ወገን አየው፤ ልጅቱ ወልዳ ከብዳም "አጎትሽ የናቀን ጊዜ" የሚለው ነገር ከአማቶቿ አፍ አልወጣም። ልጄ እንዲህ ያለ ሸክም ይዛ ዋጃ እንድትገባ አልፈልግም። አንድ ልጅ ናት ያለችኝ፣ ደግሞም አፍ የላትም፣ ቢነኳት ዝም ነው የምትል። ይህን የባሌ እህት ታውቃለች፤ ስለምታውቅም ነው የፈራሁት።

እኔ የመቄት ደጋ ልጅ ነኝ። ለዚህ አገር ሙሽራ ሆኜ ስመጣ ክብ ውስጥ አስገቡኝና የማውቀውን እስክስታ ወረድኩት። የደጋው እስክስታ ትከሻ ነው፣ እግር ብዙም ሥራ የለው። የራያ ጭፈራ ደግሞ ከጉልበት ነው የሚነሳው፤ ሰበር ብለው ይነጥራሉ። ሰዉ ሲስቅ የወደደኝ መስሎኝ ባሰብኝ። ዞር ስል የባሌ እህት ከኋላዬ ቆማ፣ እግሯን እንደ ግንድ ተክላ፣ ትከሻዬን እያስመሰለች ቤቱን ታስቀዋለች። ከዚያ ወዲህ በየበዓሉ "እስቲ ሙሽራችንን አሳዪን" ይሏታል፣ እሷም ታሳያቸዋለች፣ አሳምራ። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ በሰው ሰርግ ወጥ ቤት ነው ቦታዬ። ሽንኩርት ስከትፍ ብታዩኝ እንባዬ ከምን እንደሆነ አይታወቅም ነበር።

ፊት ለፊት እታለም እላታለሁ፣ አንቱ እያልኩ። በሆዴ ግን አንቺ ነበር የምላት። ከጅብ ጅማት የተሠራ ክራር ቅኝቱ እንብላው እንብላው ነው፤ ያቺ ሴት ለኔ ጭፈራ ማሰቧ በዋጃ ሰው ፊት ሌላ ሳቅ ለመሳቅ ካልሆነ ለምን ይሆናል አልኩ። ደግሞ ከክረምቱ ጀምሮ ጠባይዋ ተለውጦ ነበር። ቤቴ ሦስት ደረጃ ተወጥቶ ነው የሚገባው፤ መምጣት ተወች። እኔ ቤቷ ስሄድ ከወንበሯ ሳትነሳ እጇን ትዘረጋልኛለች፣ እንደ ቄስ። ከገበያ ቤቷ ድረስ ልጅ በእግሩ የሚሮጣትን መንገድ በባጃጅ ነው የምትሄደው። ኩራት ነው ብዬ ያዝኩት።

ጾመ ነቢያት ሲገባ ደስ አለኝ። በጾም አልጨፍርም አልኩ። መማር መጨፈር አይደለም፣ ቄሱንም ጠይቄልሻለሁ አለችኝ። ቄስ ድረስ መሄዷ ጥርጣሬዬን አባሰው። በመጨረሻ ልጄ አንድ ማታ ራት ስናነሳ፣ "እማ፣ ካልፈለግሽ ተይው፣ እኔ እችለዋለሁ" አለችኝ። ችሎ መኖርን የተማረችው ከኔ ነው። በማግስቱ አዳራሹ በር ላይ ቆምኩ።

አስተማሪዋ ቀጭን ልጅ ናት፣ ሻርፗን ከኋላ ያሰረች። በነሐሴ ለልጃገረዶቹ በዓል ለሶለል ሴቶቹን የምታሰለጥን እሷ ናት። ከመግባቴ በፊት መስኮቱን አየሁ፣ የስልክ ካሜራ የደቀነ ሰው እንዳለ። ዘንድሮ ሰው የጎረቤቱን ውድቀት ሳይቀርጽ አያድርም። ልጅቷ ገብቷት ነው መሰል መስኮቱን ዘጋች፣ የገዛ ስልኳንም አጥፍታ ወንበር ላይ አስቀመጠች። "እኔ ቢስሚላህ ብያለሁ፣ እርስዎም በስመአብ ይበሉና ይጀምሩ" አለችኝ።

ምን ይጀመራል! እግሬ የሰው እግር ሆነብኝ። አፋር በረሃ አቋርጦ የመጣ የጨው ግመል እንኳ ከኔ ቀለል ብሎ ይነሳል። ልጅቷ አልሳቀችም፤ አለመሳቋም አጠራጠረኝ። ወደ ግድግዳው አዙራ አቆመችኝ፣ ማንም ፊቴን እንዳያይ። ከዚያ ሱቅ ውስጥ የስፌት መኪናዬን ስረግጥ እግሬ ምን እንደሚያደርግ ጠየቀችኝ። ጣት፣ ተረከዝ፣ ጣት፣ ተረከዝ። አሁን ያንኑ ቆመው ያድርጉት አለችኝ። አደረግኩት። ጉልበቴ በራሱ ሰበር አለ፣ ተመልሶም ተነሳ። ደስ ብሎኝ ልስቅ ስል ትዝ አለኝና ዞሬ፣ እግሬን መቼ አየሽው አልኳት።

"እኔ አላየሁትም፤ የባለቤትዎ እህት ናቸው የነገሩኝ" አለች።

እንግዲህ ያች ሴት ሱቄ እየመጣች ጨርቅ የምታይ ስትመስል እግሬን ነበር የምታየው። ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። በሁለተኛው ሳምንት ደግሞ ስደርስ በር ላይ ባጃጅ ቆማ እሷ ከውስጥ ተቀምጣለች፣ አስተማሪዋ ጎንበስ ብላ ታወራታለች። ሲያዩኝ ወሬው ተቆረጠ፣ ባጃጇም ተነሳች። ምን አለችሽ ብል ልጅቷ ስለ እርስዎ ይጠይቃሉ ብቻ አለችኝ። ምን ብላ? "አደራ ብለውኛል፣ አልናገርም" አለች። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። ላቆመው ነበር፤ ነገር ግን እልህ ያዘኝ። የምትስቅበት ነገር እንዳታገኝ አድርጌ እማራለሁ አልኩ። ደንበኛ ሲወጣ ሱቁን ገርበብ አድርጌ እነጥራለሁ፤ መኪናው ላይ ስቀመጥ ደግሞ እየረገጥኩ ትከሻዬን እሞክራለሁ። ሸሚዝ ያሰፋ ሁሉ ያን ሰሞን ክሩ ተጣሞበት ሄዷል።

ሰርጉ ሲቃረብ ቀሚሷን ይዛ መጣች። እስከ ቁርጭምጭሚት አስረዝሚልኝ አለች። ድሮ ባቷን የማትደብቅ ሴት ዛሬ ምን አመነኮሳት አልኩ በሆዴ። ስለካት እጇን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጋ ተጫነችኝ፣ ክብደቷ እስኪሰማኝ። ትከሻዬን እየመዘነች መሰለኝ። እኔም ትከሻዬን አደነደንኩ፣ ምን እንደሚጠብቃት እንድታውቅ።

የመልሱ ዕለት ዳሱ ሞልቶ ሰው እስከ አስፋልቱ ወጥቷል። የዋጃ ሰዎች በሁለት ሚኒባስ እየዘፈኑ መጡ። የልጁ እናት ቀልጠፍ ያለች፣ ጥርሷ የማይከደን ሴት ናት፤ ገና ጫማዋን ሳታስተካክል ክብ ውስጥ ገባች። ከበሮው ሞቀ። ሁሉም ወደኔ ዞረ። ልጄን አየኋት፣ ከንፈሯን ነክሳለች። በስመአብ ብዬ ገባሁ። ጣት፣ ተረከዝ። ሴትዮዋ ስትሰበር ተሰበርኩ፣ ስትነጥር ነጠርኩ፤ እኩያዋ አልሆንኩም፣ አላሳፈርኩም ግን። እልልታው ሲቀልጥ ባሌ አፉን ከፍቶ ነበር የሚያየኝ። ከልጄ ፊት ላይ ፍርሃቱ ሲለቅ አየሁ፣ ለቅሶ ለቅሶ አለኝ።

ቀጥሎ የምትገባው የአባት እህት ናት። ሁልጊዜም እሷ ናት የምትገባው፤ ክብ ውስጥ ስትገባ ከበሮ መቺው ራሱ ይለወጣል። ዘወር ስል ከምሰሶው አጠገብ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፣ እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ። አንድ ዙር ተጠበቀች። ሌላ ዙር ተጠበቀች። ከበሮው ቀዘቀዘ። የዋጃዎቹ ሴቶች ተያዩ። የልጁ እናት እንደ ቆመች ላቧን ጠርጋ፣ ፈገግታዋን ሳትለቅ፣ ሁሉም እንዲሰማ አድርጋ ጠየቀች፦

"የልጃችን አክስት ምነው? ያስቀየምናቸው ነገር አለ እንዴ?"

የልጄ ፊት ላይ ፍርሃቱ ተመለሰ። አሁን ነቃሁባት አልኩ። ይኸው ነው ለካ ድግሱ። እኔን መሐል አስገብታ ስታበቃ፣ እሷ ተቀምጣ ልጄን ልታዋርድ። ደሜ ፈልቶ ወንበሯ ድረስ ሄድኩ፣ ጎንበስ ብዬ በጆሮዋ፣ ሰው እንዳይሰማ፦

"እታለም፣ ይነሱ እንጂ" አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ ውሃ ሞልቷል። እንዲህ ሆና አይቻት አላውቅም።

"ጉልበቴ አልነሳ ብሎኛል፣ ከክረምት ጀምሮ" አለችኝ። "ሐኪሙም አይድንም ብሎኛል። ሰው ከንፈር እንዳይመጥብኝ ብዬ ነው የደበቅሁ። አንቺን ያስገባሁሽ እኮ የቤቱ ቦታ ባዶ እንዳይሆን ነው። የኔን መቀመጥ ሰው ይቆጥረዋል ብዬ አላሰብኩም።"

ደረጃዬ፣ ባጃጁ፣ ከወንበር አለመነሳቷ፣ ረጅሙ ቀሚስ፣ ትከሻዬ ላይ ያረፈው እጇ፤ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጣብኝ። የሰው ወገብና ክንድ ስለካ የምውል ሴት የዚህችን ጉልበት ሳላይ ግማሽ ዓመት አለፈኝ። ማዘኔን ግን ለማሰብ ጊዜ አልነበረም፤ የልጁ እናት ቆማ ትጠብቃለች።

"ትከሻሽስ ደህና ነው?" አልኳት። አንቱታውን መርሳቴን የሰማሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

ምን ማለቴ እንደሆነ አልገባትም። እኔም አላስረዳኋትም። ወንበሯ ፊት መሬቱ ላይ ተንበረከኩና፣ ሙሽራ ከሆንኩበት ቀን ጀምሮ ያልነካሁትን የደጋ እስክስታ ወረድኩት። እግር የሌለውን። ከበሮ መቺው ግራ ገብቶት ጥቂት ዘገየ፣ ኋላ ተከተለኝ። ተንበርክኬ፣ ዓይኔን ዓይኗ ላይ ተክዬ፣ በትከሻዬ ጠራኋት።

መጀመሪያ እጇን ከጭኗ ላይ አነሳች። ከዚያ ግራ ትከሻዋ ነቃ አለ፣ ቀኙ ተከተለው። ነጠላዋ ተንሸራቶ ወደቀ። እኔ ሰበር ሳደርግ ሰበር አደረገች፣ እንደ ወፍ ሳራግፈው አራገፈችው፤ እኔ አንገቴን ከመመለሴ በፊት ትንፋሽ የምወስድባትን ቦታ እንኳ ታውቃታለች። ወንበሩ ከነሷ ተንቀጠቀጠ። እልልታው ሲነሳ የልጁ እናት እየሳቀች መጥታ ከጎኔ ተንበረከከች፣ ሌሎቹም ወንበሩን ከበቡት። ክቡ መሐሉን ትቶ ምሰሶው ጋ ሆነ። ልጄ ካባዋን ሰብስባ ከሙሽሮች ወንበር ተነሳች፣ መጥታም የአክስቷን ራስ ሳመች።

የዋጃ ሰዎች እስከ ዛሬ ስለዚያ ጭፈራ ያወራሉ፤ የመቄት ሰው ከቆቦ ሰው ጋር በትከሻ የተሳመበት ይሉታል። የባሌ እህት አሁን ቤቴ ስትመጣ ደረጃውን ትከሻዬን ይዛ ነው የምትወጣው። እኔም አንቱ እላታለሁ፣ በሆዴም ጭምር።

ጥርጣሬዬ ግን አልለቀቀኝም፤ እንዲህ ያለ ልማድ በአንድ ሰርግ አይለቅም። አንዳንዴ መኪናዬን እየረገጥኩ አስበዋለሁ። ሰውን ለማሳቅ ብቻ ያስመሰለ ሰው ያን ያህል አያሳምረውም። ያ ሁሉ ዘመን በየበዓሉ እግሯን ተክላ ያን ትከሻ ስትወርድ፣ ሰዉ እየሳቀ፣ እኔ ወጥ ቤት ሽንኩርት ስከትፍ፣ እሷ ምናልባት እስክስታዬን ወድዳው ይሆን እላለሁ። ልጠይቃት ስል አፌ ላይ ይደርስና ይመለሳል። ሌላውን ጥርጣሬዬን ሁሉ ሳላጣራ አላድርም፤ ይህን ግን እንዲሁ ይዤው ልኑር ብያለሁ።